ካውያ ሲነካው ይስተካከላል

እኔ አፌ አያርፍም። ስፌት ቤት ውስጥ ያለ ሁሉ ይመሰክርብኛል። ከኋላዬ «ምላጭ» እያሉ ነው የሚጠሩኝ፤ የማልሰማ ይመስላቸዋል። አንደኛው ምክንያት ስፌት የምተረትርበት ምላጭ ከደረት ኪሴ ተለይቶ ስለማያውቅ ነው። ሌላው ምላሴ ነው። የተንጋደደ ኪስ ካየሁ «ይኼ ኪስ ነው ወይስ የአይጥ ጉድጓድ?» እላለሁ። ኮሌታው የተዛነፈ ኮት ካገኘሁማ የሰፋው ሰው እግር ሥር ወርውሬ «አንሳና ተርትር!» ብዬ ወደ ቦታዬ እመለሳለሁ። ያለቀሰ አለ። በር አጋጭቶ የወጣ አለ። ግን ተመልሶ ያልተረተረ የለም።

አንድ ሰው ላይ ብቻ ተቆጥቼ አላውቅም። ነገሩ ሁሉ የተበላሸው እዚያ ላይ ነው።

ስፌት ቤታችን ከሱቁ ጀርባ ያለ ረጅም ክፍል ነው። ከፊት ትልቁ መስታወት፣ የተንጠለጠሉት ኮቶችና ደንበኛ የሚያርፍበት ወንበር አለ፤ መጋረጃውን ገልጠህ ስትገባ ደግሞ እኛ አለን። መኪናዎቹ በሁለቱም ግድግዳ ተደርድረዋል፤ መሃል የመቁረጫው ጠረጴዛ፣ ጥግ ላይ የካውያው። ወለሉ ሁልጊዜ በክር እንደተሸፈነ ነው። አንድ መስኮት አለን፤ እሱም የሚያሳየን የጎረቤትን የቆሻሻ በርሜል ነው። ዕድሜዬን የጨረስኩት እዚያ ነው፤ አላማርርም።

ዘንድሮ ዓይኔ ከዳኝ። መርፌ ውስጥ ክር ለማስገባት ምራቄ እስኪደርቅ እታገላለሁ። ስለዚህ የሱቁን ባለቤት፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸውን ትልቅ ሴት፣ «በቃኝ፤ በወሩ መጨረሻ እወጣለሁ» አልኳቸው። እሺ አሉ። ማን ይተካህ ብለው ግን አልጠየቁኝም፤ እኔም አልነገርኳቸውም። ድንቢጥ እንደምትሆን አልተጠራጠርኩማ! ድንቢጥ የምንላት ከመኪናው በላይ አናቷ ብቻ የሚታይ ሴት ናት። ፈጣሪ ቁመት ቢነፍጋትም እጅ ሰጥቷታል። ከሁሉም አብልጬ ያስለቀስኳትም እሷን ነው።

ሰኞ ጠዋት እትዬ መጋረጃውን ገልጠው ገቡ። እሳቸው ሲገቡ መኪናው ሁሉ ጸጥ ይላል።

«ጋሼ ሲወጣ የስፌት ቤቱ ኃላፊ ሳቂታ ትሆናለች» አሉ።

ክው አልኩ።

«ለምን አትሉኝም?» አሉ እትዬ። «ደንበኛ ይዞት የሚመለስ ልብስ መጀመሪያ የሚመጣው እኔ ጋ ነው። የሁላችሁም ተመልሶብኛል። የጋሼም ሳይቀር! የሳቂታ ኮት ግን አንድም ቀን ተመልሶ አያውቅም። አንድም ቀን!»

ተጨበጨበ፤ ግን ዘግየት ብሎ። ልብስ ተኳሹ፣ ያ ተራራ የሚያክል ሰውዬ፣ ካውያውን በእጁ እንደያዘ አፍጥጦ አየኝ። ድንቢጥ ወደ ክሯ አቀረቀረች። ሳቂታ ግን እየሳቀችም እያለቀሰችም መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ስሟን ያገኘችው በዚያ ሳቋ ነው።

«ያንተ እጅ ነው ጋሼ!» አለችኝ። «የኔ አይደለም፤ ሁሉም ያንተ እጅ ነው!»

ምን ያህል እውነት እንደተናገረች አላወቀችም።

እንግዲህ ልንገራችሁ። ሳቂታ ኪስ ብትሉ፣ ገበር ብትሉ፣ ቀጥ ያለ ስፌት ብትሉ እጇ አይታማም። የኮት እጅጌ ግን በትክክል ገጥማ አታውቅም። አንድም ቀን። ከእሷ እጅ የወጣን ኮት ሁሉ፣ እሷ ወደ ቤቷ ስትሄድ፣ እኔ ነኝ ተርትሬ እንደገና የምገጥመው።

ባሏ ባልንጀራዬ ነበር። ከአጠገቤ ያለው መኪና የእሱ ነበር፤ ስንሳሳቅ፣ ስንሰዳደብ፣ አንድ ቁራሽ ስንካፈል ነው የኖርነው። ሲሞት እትዬ ሚስቱን በቦታው ቀጠሯት። ቤቷ ቀሚስና መጋረጃ ትሰፋ ስለነበር እጇ መርፌ ያውቃል። ኮት ግን ሌላ ነገር ነው። እጅጌው ከሚገባበት ቀዳዳ ትንሽ ይሰፋል፤ ያንን ትርፍ በጣትህ እያባበልክ፣ ሳይጨማደድ ታስገባዋለህ። ሳቂታ ማባበሉን አታውቅበትም፤ የኮቱን ገላ ጎትታ ታደርሰዋለች። ሲያልቅ ትከሻው ይጨማደዳል፣ እጅጌው ይጠመዘዛል፤ የለበሰው ሰው ሰላም ልበል ቢል እጁን ማንሳት አይችልም።

የመጀመሪያ ኮቷን ስትሰጠኝ አየሁትና አፌ ተከፈተ። «ይኼ...» ብዬ ጀመርኩ። ቀና አለች። ዓይኗ አብጧል። አንገቷ ላይ የባሏ ሜትር አለ፤ ያ ቁጥሩ የጠፋ አሮጌ ሜትር። አንጀቴን በላችው። ምላሴን ዋጥኩ።

«ትንሽ ተጨማዷል አይደል ጋሼ?» አለች።

«ግድ የለም» አልኳት። «ካውያ ሲነካው ይስተካከላል።»

በቃ፣ ይቺው ናት። ያን ዕለት ሰው ሁሉ ሲወጣ ቁጭ ብዬ ተረተርኩና ገጠምኩት። ጠዋት ተኳሹ ተኮሰው። ሳቂታ ለገበሩ ስታነሳው ትከሻው ቀጥ ብሎ አገኘችው። «እውነትም ተስተካከለ!» ብላ ወደ ተኳሹ ዞረች። «እጅህ ይባረክ!» ሰውዬው ግራ ገብቶት አየኝ፤ ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግኩ። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ እጁ ይመረቃል፤ እሱም ባልሠራው ሥራ አሜን ይላል።

ሐዘኗ ይውጣላትና እነግራታለሁ ብዬ ነበር። ሐዘኗ ወጣ። መሳቅ ጀመረች፤ ሳቂታ አልናት። ልጇ ከታች ክፍል ወደ ላይኛው ተሸጋገረ፣ አደገ፣ ተመረቀ፤ እኔ አሁንም እተረትራለሁ። ይባስ ብሎ እኔ ድንቢጥ ላይ ስጮህ ሳቂታ ከጎን ሆና ትስቃለች። «አይዞሽ እህቴ፣ ትለምጂዋለሽ፤ እኔን እኮ አይቆጣኝም!» ትላታለች። በክፋት አይደለም። ያለፈችው ፈተና መስሏት ነው።

ሰኞውኑ መጋረጃውን ገልጬ ወደ ሱቁ ወጣሁ። እትዬ የኮት ቁልፍ በየመልኩ እየለዩ ነበር።

«እትዬ፣ ስለ ሳቂታ...»

«ምነው፣ ከፋህ እንዴ?»

«ኧረ እኔ! ምን ይከፋኛል። ግን ኃላፊ ማለት እኮ... መቆጣትም ይፈልጋል። እሷ ሰው መቆጣት አትችልም።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ለዚያው ነው እኮ የመረጥኳት። አትቀየመኝና፣ አንተ ስትጮህ እዚህ ድረስ ነው የሚሰማው። ደንበኛ ፊት ስንቴ ‹መሬት ተከፍተሽ ዋጪኝ› ብያለሁ! ሰው እያስለቀሱ ኮት ማሰፋት በቃኝ። ርኅራኄ የምታውቅ ሰው ትምራቸው።»

ርኅራኄ! እሷን ያጠፋት እኮ የኔ ርኅራኄ ነው ልላቸው ነበር። አንድ ደንበኛ ሱሪ ታቅፎ ገባ፤ እኔም ሰበብ አገኘሁና ተመለስኩ። እውነቱን ለመናገር ደንበኛው ባይገባም ትንፍሽ አልልም ነበር።

ተኳሹ ጥግ ላይ ጠበቀኝ። «ነገሯቸው?» አለኝ በሹክሹክታ። ለእሱ ሹክሹክታ ማለት የሌላው ሰው ጩኸት ነው።

«አልነገርኩም።»

«ለእሷስ? ለእሷ ይንገሯት እንጂ ጋሼ።»

«እንዴት ብዬ? ቅስሟ ይሰበራል።»

ካውያውን አቆመው። «የኔን ስንቴ ሰበሩት! ስጀምር የሰው ቀሚስ ባቃጥል ‹ሂድና ድንጋይ ተኩስ› ነበር ያሉኝ። እህል አልበላ ብሎኝ ሰነበትኩ። ከዚያ ወዲህ ግን አንዲት ክር አቃጥዬ አውቃለሁ? እየሰደቡ ሰው አደረጉኝ። እሷንስ ምን አደረጓት?»

«ሥራህን ሥራ!» ብዬ ጮህኩበት። ቆሽቴ አርሮ ነበር፤ በእሱ ግን አይደለም።

ማታ ለሚስቴ ነገርኳት። እራቱን እንዳቀረበች ቆማ ሰማችኝ።

«ቆይ፣ ያን ሁሉ ዘመን አምሽተህ የምትመጣው እጅጌ ስትፈታ ነው?»

«አዎ።»

«ወይ ጉድ! እኔ ደግሞ ሌላ ሴት ይዞብኛል ብዬ ስቃጠል ኖርኩ!» እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እየሳቀች ቁጭ አለች፤ ቁጭ ስትል ሳቁ ጠፋ። «አንተ ስትወጣ ማን ሊተረትርላት ነው?»

ማንኪያዬን አነሳሁ።

«የመጀመሪያው ኮት ሲመለስባት፣ ኃላፊ ተብላ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ፣ ያ ሁሉ ሠራተኛ እያያት... አንተ እንደሆንክ እዚህ ተቀምጠህ ሾርባህን ትጠጣለህ።»

ሾርባው ፊቴ ነበር። አልወረደልኝም።

ነገ እነግራታለሁ አልኩ። በማግስቱ ሳቂታ አንድ የእንጨት ሳጥን ተሸክማ መጣች። ድንቢጥ ጋ ሄዳ ጎንበስ አለችና ከእግሯ ሥር አስገባችላት። «እግርሽ በደንብ አይደርስም እኮ፤ ወገብሽን የሚያምሽ ለዚህ ነው» አለቻት። ድንቢጥ ሳጥኑ ላይ እግሯን አስደግፋ እፎይ ስትል ሰማሁ። እኔ ያን ሁሉ ዓመት ስጮህባት እግሯ እንደሚንጠለጠል አላየሁም። ሳቂታ በአንድ ቀን አየችው። እንዲህ ላለች ሴት ምን ብዬ ልናገር? ያን ቀንም ዋጥኩት።

ረቡዕ ላይ ግን ጉድ ፈላ። ድንቢጥ እጅጌ እየገጠመች ነበር፤ ቀስ ብላ፣ በጣቷ እያባበለች። ሳቂታ ከጀርባዋ መጥታ በፍቅር ትከሻዋን ያዘቻት።

«ለምን ትደክሚያለሽ እህቴ? ጎትተሽ አድርሺው። ካውያ ሲነካው ይስተካከላል።»

አንድ መኪና ቆመ። ከዚያ ሌላው ቆመ።

«ጋሼ እንዲህ አላስተማሩኝም» አለች ድንቢጥ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«እኔን ያስተማረኝ እንዲህ ነው!» ሳቂታ ሳቀች። «አይደል ጋሼ?»

ክፍሉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ለአይጥ ጉድጓድ ቃል የማያጣ አፌ ተለጎመ።

«እ... እንደ ጨርቁ ነው» አልኩ።

እንደ ጨርቁ ነው! አፈር ልብላ! ከወዲያ በኩል ያሉት ሁለት ሰፊዎች ሳቃቸውን አፍነው አቀረቀሩ። ድንቢጥ አንድ ጊዜ አየችኝና የታዘዘችውን አደረገች፤ ጎተተችው። ትከሻው ሲጨማደድ ከቦታዬ ሆኜ አየሁት። ዓይኗ እንባ ሞላ። ስንት ጊዜ አስለቅሻታለሁ፤ የምታውቀውን በገዛ እጇ እንድታበላሽ አድርጌ ያስለቀስኳት ግን ያን ቀን ነው።

ለምሳ ስንወጣ እነዚያ ሁለቱ ግቢው ውስጥ ቧንቧው ጋ እጃቸውን ይታጠባሉ። አንደኛው ሸሚዙን በውሃ አራሰና «ግድ የለም፣ ካውያ ሲነካው ይስተካከላል!» አለ፤ ሌላው በሳቅ ፈረሰ። በሦስት ቀን ውስጥ መቀለጃ አድርገዋታል። ጮኼ ልሰድባቸው ስል ሳቂታ ከበሩ ብቅ አለች። ሲስቁ አይታ እሷም መሳቅ ጀመረች።

«ምን ተገኘ? ንገሩኝ፣ እኔም ልሳቅ እንጂ!»

ምንም ሳታውቅ አብራቸው ሳቀች። ከዚህ በኋላ ዝም ብል ሰው አይደለሁም አልኩ።

የሥራ ሰዓት ሲያልቅ ሰው ወጣ። ሳቂታ እንደ ልማዷ እጅጌውን የቀኑ መጨረሻ ላይ ገጥማ፣ ግራጫ ኮት ማንጠልጠያ ላይ ሰቅላ ቦርሳዋን አነሳች።

«ትንሽ ቆዪ» አልኳት። ለተኳሹም «አንተም ቆይ። ያንን ኮት ተኩሰው» አልኩት።

«አሁን? ጠዋት አይደል የሚተኮሰው?» አለች ሳቂታ።

«ዛሬ አሁን ይተኮስ።»

ተኳሹ የኮቱን ትከሻ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ፣ እርጥብ ጨርቅ አለበሰው፣ ካውያውን አሳረፈበት። እንፋሎቱ ተነሳ። አንስቶ ሰቀለው። ትከሻው እንደተጨማደደ ነው፤ እጅጌውም እንደተጠመዘዘ።

«ድገመው» አለች ሳቂታ።

ደገመው።

«ውሃ ጨምርበት እንጂ! ዛሬ ምን ነካህ?» ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቀጥኗል።

ውሃ ጨመረ። ለሦስተኛ ጊዜ ሰቀለውና ካውያውን ከሶኬቱ ነቀለ። «እህቴ» አላት፣ «ካውያ እንዲህ ያለውን አያስተካክልም። አስተካክሎም አያውቅም። በየጠዋቱ ስትመርቂኝ መሬት በዋጠኝ እል ነበር፤ ይቅር በይኝ።» መጋረጃውን ገልጦ ወጣ።

ሳቂታ ኮቱን አየች። ከዚያ እኔን። ከዚያ የደረት ኪሴን፤ ምላጩ ያለበትን።

«አንተ ነህ» አለች።

«እኔ ነኝ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

ወንበር ስባ ተቀመጠች። ብዙ ኮት በሐሳቧ እንደምታገላብጥ ከፊቷ ያስታውቃል። ከዚያ አንዱ ላይ ቆመች።

«የልጄንም?» አለች።

ለልጇ ምርቃት የሰፋችውን ጥቁር ኮት ነው። ስትሰፋው ማንም እንዳይነካባት አስጠንቅቃን ነበር። እሱንም ሰው ሲወጣ ተርትሬዋለሁ፤ እንዲያውም ከሌላው ሁሉ አሳምሬ ነው የገጠምኩት። ፊቴን አይታ ገባት።

«የልጄንም ጋሼ? ለብሶት ሳየው እኮ አባቱ እጁን አወረሰኝ ብዬ ነው ያለቀስኩት።»

«አዝኜልሽ ነው» አልኳት። ድምፄ የኔ አልመሰለኝም። «እንደዚያ ሆነሽ ስትመጪ... አንጀቴ አልቻለም።»

«ለድንቢጥ አታዝንም ነበር?»

«ድንቢጥማ...»

«ድንቢጥማ ምን?»

«ድንቢጥ ትችላለች ብዬ ነው የምጮህባት።»

ከአፌ ካመለጠ በኋላ ነው ያልኩትን የሰማሁት። ልመልሰው ብፈልግም አይመለስም። ሳቂታ ራሷን ነቀነቀች፣ ቀስ ብላ።

«እኔ ግን አልችልም ብለህ ነው» አለች።

«እንደሱ አይደለም...»

«እንደሱ ነው ጋሼ። ተው፣ አትጨቅጭቀኝ።» ተነሳች። መጋረጃው ጋ ደርሳ ቆመች። «ዛሬ ቧንቧው ጋ የሳቁት በእኔ ነው?»

ወለሉ ላይ ያለውን ክር በእግሬ ሰበሰብኩ።

«አብሬያቸው ሳቅኩ እኮ» አለችና ወጣች።

ግራጫው ኮት እንደተሰቀለ ቀረ። ምላጩን አወጣሁ፤ መልሼ ከተትኩት። የዚያን ዕለት ማታ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ተኛሁ። አትመጣም፤ ሰው እንጀራውን ትቶ እንዲጠፋ ያደረግኩት እኔ ነኝ እያልኩ ስገላበጥ አደርኩ።

መጣች። ከሁላችንም ቀድማ። እኔ ስደርስ ሱቁ ውስጥ ከእትዬ ዘንድ ስትመለስ ተገናኘን፤ በአጠገቤ አለፈች። እትዬ በዓይናቸው ጠሩኝ።

«ራሷ ነገረችኝ» አሉ። «ለምን አንተ አልነገርከኝም?»

«ልነግርዎ ሰኞ መጥቼ ነበር።»

«መጥተህ ያልከኝ መቆጣት አትችልም ነው። በእሷ አመካኘህ እንጂ ስለ ራስህ ምን አልክ?» ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር፤ እሳቸው ግን ዞር ብለው ቁልፋቸውን መለየት ጀመሩ።

ውስጥ ስገባ ሳቂታ ድንቢጥ ፊት ቆማለች። ሁሉም ይሰማል፤ እንዲሰማም ነው የተናገረችው።

«ትናንት ያስበላሸሁሽን ኮት አምጪው፤ እኔ እተረትረዋለሁ። ከዚያ እጅጌ እንዴት እንደሚገባ አሳዪኝ። አላውቅም። ስሳሳት ተቆጪኝ።»

ድንቢጥ ቀላች። «ኧረ እኔ አንቺን መቆጣት አልችልም!»

«ልመጂው እንግዲያ! ኃላፊዋ አንቺ ነሽ፤ እትዬ ይነግሩሻል።» ከዚያ ወደነዚያ ሁለቱ ዞር አለች። «እናንተም፣ ስትስቁ ለምን እንደሆነ ንገሩኝ፤ አብሬያችሁ የምስቅ ከሆነ አውቄው ልሳቅ።» ሁለቱም መሬት መሬት አዩ።

ምላጬን አውጥቼ ዘረጋሁላት።

«አለኝ» አለች። የባሏን ነው ያወጣችው።

ቀኑን ሙሉ ሰፋች፣ ተረተረች፣ ሰፋች። ድንቢጥ ሳጥኑ ላይ ቆማ ከትከሻዋ በላይ ታያታለች። «እዚህ ጋ አባብዪው... እሱን አትጎትቺ... አይ! አሁንም ጎተትሽው!» ድምፅዋ ከፍ ሲል ራሷ ደነገጠች። ሳቂታ ግን ተረተረች። ከሰዓት በኋላ ኮቱን ወደ እኔ ይዛ መጣችና ፊቴ ዘረጋችው። ትከሻው አሁንም ተጨማዷል። ቆማ ጠበቀችኝ፤ ዓይኗን ሳትነቅል። የምትጠብቀውን አውቄዋለሁ። እግሯ ሥር ወርውሬ «አንሺና ተርትሪ!» እንድላት ነው፤ እንደ ሰው ሁሉ። አፌን ከፈትኩ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ለሁሉ የሚበቃ ስድብ ያለው አፍ!

«ግድ የለም» አልኩ።

ፊቷ ዳመነ። ኮቱን ሰብስባ ወደ ድንቢጥ ተመለሰች። ከመኪናው ጀርባ የድንቢጥን ቁጣ ሰማሁ፤ ደግሞም የምላጩን ድምፅ፣ ክሩን አንድ በአንድ ሲበጥስ።

ማታ ሰው ወጣ። ኮቷ ማንጠልጠያው ላይ ነበር። ጠጋ ብዬ አየሁት። ትከሻው ጠማማ ነው፤ ከትናንቱ ግን ትንሽ ይሻላል፤ ከፊት በኩል ሁለት ጣት የሚያህል ቦታ በደንብ ተባብሏል። እጄ ራሱን ችሎ ወደ ደረት ኪሴ ሄደ።

«ተወው ጋሼ።»

የሄደች መስሎኝ ነበር። መጋረጃውን ይዛ ቆማለች።

«ነገ ከነጥፋቱ ላግኘው» አለች።

እጄን አወረድኩ። እሷ እስክትወጣ፣ ከዚያም በሩ እስኪዘጋ ቆየሁና መብራቱን አጥፍቼ ወጣሁ። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር፤ መንገዱን በዚያ ሰዓት ካየሁት ስንት ዘመኔ ነው! ሚስቴ በሩን ስትከፍት ደነገጠች።

«ምነው፣ ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ።»

«እራቱ እኮ አልደረሰም» አለችኝ።

ጠረጴዛው ጋ ተቀምጬ ጠበቅኩ። እጄን ምን እንደማደርገው ጠፋኝ።